ቦርዱ ከጠመኔ ጋር ይመዝገብ

በመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከሁለት ስሞች አንዱን ይዞ ይገባል፤ ቋሚ ወይም አላቂ። ጠመኔና ወረቀት አላቂ ናቸው፤ ቢያልቁ ለምን አለቁ የሚል የለም። ማይክሮስኮፕና ኮምፒዩተር ቋሚ ናቸው፤ ቢሰበሩ የፈረመባቸው ሰው ይጠየቃል። ይህ አከፋፈል ለሒሳብ ክፍል ትክክል ነው፤ ለማስተማር ግን መዘዝ አለው። ፈርሞ የተረከበ መምህር ዕቃውን ቆልፎ ቢያስቀምጠው የሚወቅሰው የለም፤ ለተማሪ ሰጥቶ ቢበላሽበት ግን ዕዳው የእሱ ነው። እንዲህ ባለ ስሌት መቆለፍን መምረጥ ስንፍና አይባልም። እንደ አርዱዊኖ ያሉ የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች ለትምህርት ቤት ሲገዙ በቋሚ ዕቃነት ከተመዘገቡ ዕጣቸው ይኸው ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ ከጠመኔው ጎን፣ በአላቂ ዕቃነት ይመዝገቡ እላለሁ።

ማይክሮኮንትሮለር ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ከውጭ ምልክት የሚቀበልባቸውና የሚሰጥባቸው እግሮችም በአንድ ቺፕ ላይ የተሰበሰቡበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽንንም የመኪና ሞተርንም የሚያዘው እሱ ነው። ቦርዱ ይህን ቺፕ ከዩኤስቢ መሰኪያ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ጀማሪው ያለ ብየዳ እንዲሞክርበት ያመቻቻል። አርዱዊኖ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ሲሆን፣ ከሠሪዎቹ አንዱ ማሲሞ ባንዚ የዲዛይን ተማሪዎች አስተማሪ ነበር። ችግራቸው ዋጋ ነበር፤ ያኔ ለማስተማሪያ ይውል የነበረው ቤዚክ ስታምፕ የተባለው ቦርድ ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር፣ ተማሪ ደግሞ በ100 ዶላር ዕቃ ላይ እንደ ልቡ አይሞክርም። የእነሱ ቦርድ ወደ 30 ዶላር ወረደ። ኡኖ በተባለው ሞዴል በታወቀው ዕትም ላይ ደግሞ አትሜጋ 328 የተባለው ዋና ቺፕ አልተበየደም፤ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ሲቃጠል ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል (አዲሱ ቺፕ ቡትሎደር የተጫነበት መሆኑን አይቶ መግዛት ነው)።

መቃጠሉ ምን ያስተምራል? የኦም ሕግን ቀመር በቃሉ የማይወጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥቂት ነው። ቀመሩን ለአንዲት ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ሲጠቀምበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል፤ አምፖሏ 2 ቮልት ያህል ትወስዳለች፤ የቀረው 3 ቮልት በ220 ኦም ሬዚስተር ሲያልፍ ወደ 14 ሚሊአምፒር ይሆናል። ቺፑ በአንድ እግሩ 20 ሚሊአምፒር በሰላም ይችላል፤ 40 የመጨረሻ ገደቡ ነው። ሬዚስተሩን የዘለለ ተማሪ አምፖሏ ከመጠን በላይ ስትደምቅ ያያል፤ ከዚያ ወይ እሷ ልትሞት ትችላለች ወይ የቺፑ እግር። ያ ልጅ ሬዚስተር ለምን እንደሚያስፈልግ ዳግመኛ አይጠይቅም። ከዚህ በፊት ያለው የዝግጅት ሥራም የሚናቅ አይደለም። ብዙ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚባክነው ኮድ ሳይጻፍ ነው፤ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ መረጃ የማያስተላልፍ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ርካሹ ቦርድ የያዘው ሲኤች 340 ቺፕ ድራይቨር ኮምፒዩተሩ ላይ የለም፤ ወይም በሶፍትዌሩ የተመረጠው ፖርት ሌላ ነው። ጥፋትን በተራ ማደን፣ ከኬብሉ ወደ ድራይቨሩ፣ ከድራይቨሩ ወደ ፖርቱ፣ የቴክኒሻን ዋና ሙያ ነው። ድራይቨሩንና ሶፍትዌሩን በፍላሽ ይዞ የሚመጣ መምህር ካለ ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ምናልባት ቦርዱን ሳያቃጥሉ በኮምፒዩተር ማስመሰያ መማር ይቻላል ይባል ይሆናል። ኮዱን ለመልመድ አዎ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ሰው መድረስ የሚችለውም በዚሁ ነው። ነገር ግን በማስመሰያ ውስጥ የላላ ሽቦ የለም፣ የሚዋዥቅ ኃይል የለም፣ የሞተ ኬብል የለም። ስክሪን ላይ የሠራ ፕሮግራም እውነተኛ ዕቃ ላይ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ የሚታወቀው ዕቃው እጅ ላይ ሲኖር ብቻ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ምን ያህል እንደናረ ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ ጊዜ ይቃጠል ማለት ጥጋብ ይመስላል። ሆኖም ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጀው ቦርድም ዶላሩን በልቷል፤ ልዩነቱ ማንንም ሳያስተምር መብላቱ ነው። የአርዱዊኖ ንድፍ ክፍት ስለሆነ ሌሎች አምራቾች በሕጋዊ መንገድ አመሳስለው ይሠሩታል፤ የተጠበቀው የንግድ ስሙ ነው። ተመሳሳዮቹ በጣም ይረክሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮም በ4 ዶላር ነው ለገበያ የቀረበው። እዚህ ላይ ግን ጨረታ የሚያወጡ ሰዎች ርካሹን ብቻ ባያዩ እመርጣለሁ። የፒኮ እግሮች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም፤ 5 ቮልት የሚሰጥ ሴንሰር በቀጥታ ቢገናኝበት ሊሞት ይችላል፣ ቺፑም የተበየደ በመሆኑ በቀላሉ አይተካም። ለጀማሪ ክፍል ቺፑ የሚነቀል ኡኖ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

የማቃጠሉ ፈቃድ ወሰን አለው፤ እሱም 220 ቮልት ነው። የዩኤስቢ 5 ቮልት አምፖል ቢያጠፋ ሰው አይገድልም፤ የግድግዳው ሶኬት ይገድላል፣ ስለዚህ የቤት መብራት የሚያበራ ሪሌ ከዚህ ክፍል ይቅር። አላቂ የተባለ ዕቃ ይሰረቃል የሚለው ስጋትም እውነት ነው። የተቃጠለውን ያላስረከበ ተማሪ ሌላ አይሰጠው፤ ሲያስረክብም ምን ከምን ጋር እንዳገናኘና ስንት ሚሊአምፒር አልፎ እንደነበር አስልቶ ከቦርዱ ጋር ያያይዝ። መምህሩ ይፈርምበት፣ ንብረት ክፍልም ያችን ወረቀት ይዞ ከመዝገብ ይሰርዘው። ወረቀት ያልተያያዘበት ቦርድ ግን እንደ ጠፋ ይቆጠር።