መሸሽም ለተጋጣሚ ነጥብ ያሰጣል

በግንደወይን ገጠር ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ክርክር የለም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የ65 ኪሎ ነፃ ትግል የነሐስ ግጥሚያ ግን፣ 7 ለ 6 ይመራ የነበረው ሞንጎሊያዊው ማንዳኽናራን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች እየጨፈረ ከተጋጣሚው ሸሸ፤ ዳኞች ለኡዝቤኩ ናቭሩዞቭ የቅጣት ነጥብ ሰጡ፣ ነሐሱም የእርሱ ሆነ። የሞንጎሊያ አሠልጣኞች በንዴት ልብሳቸውን ምንጣፉ ላይ አወለቁ። ብዙ ደጋፊ «ተበደለ» ይላል። እኔ ግን ዳኞቹ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ፤ መሸሽ ያስቀጣል፣ ደንቡም የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ለይቶ አይምርም። «የስድስት ደቂቃ ልፋት በሰከንዶች ይጥፋ?» ለሚሉ፣ ናቭሩዞቭም ያንኑ ስድስት ደቂቃ ለፍቷል።

ውሳኔ ሁሉ አይነካ ማለቴ አይደለም። በዚያው ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከሌሎች ጋር ተጠላልፋ፣ ጫማዋን ጥላ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ የሮጠችው እቴነሽ ዲሮ በይግባኝ ፍጻሜ ገብታለች፤ ተገቢም ነበር። እሷን ያሰናከላት ግጭቱ ነው፤ ማንዳኽናራንን ግን ከመታገል የከለከለው ማንም አልነበረም።