የሕመምተኛው ቃልና የመለኪያው ቁጥር

ሐኪም የደምን ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ትኩሳትን በቴርሞሜትር ያውቃል፤ የአጥንትንም ስብራት በራጅ ያያል። የቁርጥማትን ሥቃይ፥ የትንፋሽን ማጠርና የልብን ጭንቀት ግን ከሕመምተኛው በቀር መርምሮ የሚደርስበት የለም። ስለዚህ የሕክምና ሊቃውንት ሕመምተኛውን ራሱን እየጠየቁ ቃሉን በቁጥር የሚጽፉበትን ሥርዓት አበጁ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ ሕመምተኛው በእውነት ተሽሎታልን? የሚለው ጥያቄ ከመጻፉ ይልቅ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል።

በሒሳብ የተረጋገጠ ልዩነትና ለሕመምተኛው የሚረባ ልዩነት አንድ አይደሉም። ሥቃይ ከ0 እስከ 10 በሚቈጠርበት መለኪያ አንድ መድኃኒት በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ቢፈተንና አማካይ ሥቃያቸው ከ6 ወደ 5.8 ቢወርድ፥ ሒሳቡ ይህ ለውጥ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው ያንን ጥቂት ቅናሽ አያውቀውም።

ይህን ጉዳይ አጥርተው ካስረዱት መካከል በካናዳ አገር በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄሽኬ፥ ሲንገርና ጋያት ይገኛሉ። እነዚህ ሊቃውንት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሕመምተኛው ራሱ ጠቀመኝ የሚለው ከሁሉ ያነሰው ለውጥ ምን ያህል እንደ ሆነ መፈለግ እንደሚገባ አመለከቱ። መንገዳቸውም ቀላል ነበረ። የሳንባና የልብ ሕመም የጸናባቸውን ሰዎች ስለ ትንፋሻቸው፥ ስለ ድካማቸውና ስለ መንፈሳቸው ሁኔታ 7 ደረጃ ባለው መጠይቅ ጠየቁ፤ ደግሞም ከበፊቱ ተሽሏቸው ወይም ብሶባቸው እንደ ሆነ፥ መጠኑም ምን ያህል እንደ ሆነ ለብቻው ጠየቁ። ጥቂት ለውጥ አገኘን ያሉት ሰዎች ቁጥር በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ በአማካይ ግማሽ ነጥብ ያህል ተለውጦ ተገኘ። እንግዲህ ወሰኑን የቈረጠው የሕመምተኛው ቃል ነው።

በ2001 ደግሞ ፋራርና ባልደረቦቹ የቆየ ሥቃይ ያለባቸውን የ2,724 ሰዎች መልስ መርምረው፥ በ0 እስከ 10 መለኪያ ላይ የ2 ነጥብ ወይም ከመቶ 30 ያህል ቅናሽ ለሕመምተኛው የሚታወቅ እፎይታ መሆኑን ገለጡ። ከመቶ መቈጠሩም ምክንያት አለው፤ ሥቃዩ 9 ለሆነበት ሰውና 4 ለሆነበት ሰው አንድ ነጥብ እኩል አትመዝንምና።

ይህም መንገድ ቢሆን ጉድለት አያጣም። ሰው ከብዙ ወራት በፊት የነበረበትን ሕመም አጥርቶ አያስታውስም፤ ስለ ለውጡ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ስለ ዛሬው ሁኔታው ነው። ደግሞም አማካይ ቁጥር እውነቱን ይሸፍናል። ከ10 ሰዎች 5ቱ በ4 ነጥብ ቢሻላቸውና 5ቱ ምንም ባይሻላቸው አማካዩ 2 ይሆናል፤ በ2 ነጥብ የተሻለው ሰው ግን ከመካከላቸው አንድ እንኳ የለም። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ መድኃኒቱ የረባው ሰው የሚለይበት ወሰን በማስረጃ ተደግፎ እንዲወሰን አሳሰበ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በመንግሥት ወጪ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ የሚለወጥላቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ስለ ሥቃያቸውና ስለ አካሄዳቸው መጠየቅ ጀመሩ፤ የሆስፒታሎችም ሥራ በዚህ ጭምር ይመረመር ጀመር።

ለኢትዮጵያም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ዩሮኮል የተባለው ማኅበር ያዘጋጀውና ስለ መንቀሳቀስ፥ ራስን ስለ መርዳት፥ ስለ ዕለት ሥራ፥ ስለ ሥቃይና ስለ ጭንቀት የሚጠይቀው መጠይቅ የኢትዮጵያውያን አስተያየት የተመዘነበት ሠንጠረዥ በ2020 ታትሞለታል። ይህ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ሕመም በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል፤ ሕመምተኛው ተሻለኝ የሚልበትን ወሰን ግን ብቻውን አይቈርጥም። በባዕድ አገር የተቈረጠውን ወሰን እንዳለ መቀበልም አደጋ አለበት። አንድ ቃል ከልሳን ወደ ልሳን ሲሻገር ምን ሊጎድልበት እንደሚችል የትርጓሜ ሊቃውንት ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአገሩ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ሥቃዩ ሳይለቀውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ምስጋና ነው እንጂ የሕመም ልክ አይደለም። መልሱን እንደ ሰማ ዳነ ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ቢኖር ምስጋናውን በጤና መዝገብ ላይ አገባ ማለት ነው። እንግዲህ ጠያቂው ጠለቅ ብሎ፥ ሕመምተኛው ቅዳሴውን ቆሞ ለማስቀደስ፥ ውኃ ለመቅዳት ወይም ከገበያ ደርሶ ለመመለስ ችሎ እንደ ሆነ ቢጠይቅ እውነቱ ይገለጥለታል።

የመድኃኒት ግዥና የሆስፒታል በጀት በሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የሚወሰን እንደ መሆኑ፥ ሪፖርት የሚቀበል ሹም ሁሉ ቁጥሩ ስንት ተለወጠ ከማለት ጋር፥ ከሕመምተኞቹ ስንቶቹ እነርሱ ራሳቸው የሚያውቁትን ያህል ተሻላቸው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን ሳይጠይቅ የፈረመ ሰው ገንዘቡ ለሕዝብ ጤና መዋሉን ሳያረጋግጥ ፈረመ፤ ሕመምተኛውም በመዝገብ ድኖ በአልጋው ላይ እንዳቃሰተ ይኖራል።