ሌንሱን የሚጎዳው አቧራው ነው ወይስ እጃችን?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። እኔ ሳልማር ጠምጥሜ ያበላሸሁት አንድ ዕቃ አለ። እስከ ዛሬ ለክፍላችን ልጆች ያልተናገርኩት አፍሬ ነው። አሁን የምናገረው ግን ባለፈው ሳምንት ለተግባር ልምምድ ስንወጣ አንድ ጓደኛዬ የካሜራውን ሌንስ በቲሸርቱ ጫፍ እሽት እሽት ሲያደርግ ስላየሁት ነው። ደንግጬ ሳየው «ምን ታፈጣለህ? እያጸዳሁት እኮ ነው» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ልክ እንደሱ ነበር ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሳይንስ ክበባችን አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነበረችው፤ የዕቃው ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 12 ቀን ጁፒተርና ሳተርን ሰማይ ላይ እጅግ ተቀራርበው የሚታዩበት ምሽት ነበር። ሁለቱ ፕላኔቶች በየሃያ ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ። እንደዚያ ምሽት ያህል ተጠጋግተው ከታዩ ግን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1623 ወዲህ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ሁለቱንም፣ የሳተርንን ቀለበት ጨምሮ፣ በአንድ ዕይታ ማየት የሚቻልበት ቀን ማለት ነው።

እኔ ታዲያ ሰው ከመምጣቱ በፊት ቴሌስኮፗን ላሳምራት ተነሣሁ። ወሩ የአውድማ ወር ነው፤ አቧራና እብቁ በየቦታው ይቦናል። ሌንሷ ላይ አቧራ አየሁ። «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበትና በነጠላ ጫፍ ፈተግኩት። ዝም ብሎ ተለቀለቀ። አጥብቄ ፈተግኩት። ከዚያ ደግሞ ከውስጥ በኩል አንዲት ነጥብ ታየችኝ። ጥርሱን ፈትቼ ሳወጣው ሌንሱ አንድ ሳይሆን ሁለት መስታወት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ወለወልኩና መልሼ ገጠምኳቸው። የትኛው ፊት ወደ የት እንደነበረ ግን ልብ አላልኩም።

ማታ ከሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተሰለፈ። ተማሪው፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ፣ ከአምባሰል በኩል የመጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መጡ። ሰው ተራ በተራ ጎንበስ እያለ ያያል፤ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም የለም። በዓይናችን ጥርት ብለው የሚታዩን ሁለት ከዋክብት በቴሌስኮፗ ውስጥ ጉም ውስጥ እንዳለ ፋኖስ ሆነዋል። መምህራችን ማስተካከያውን ቢያዞሩት ቢመልሱት እንቢ አለ። አንድ አዛውንት አይተው ሲጨርሱ የእኔን ፊት አዩና «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉኝ። ሌላ ቀን! ሁለቱ ፕላኔቶች ያን ያህል ተቀራርበው እንደገና የሚታዩት በፈረንጆች በ2080 ነው። እኔ እንኳ ብደርስበት ሽማግሌ ሆኜ ነው፤ እሳቸው ግን አይደርሱበትም። ይህቺ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ።

ከሳምንታት በኋላ መምህራችን ሌንሱን ፈተው አንደኛውን መስታወት ገልብጠው ሲያስገቡት ምስሉ ተስተካከለ። ለካ እነዚያ ሁለት መስታወቶች የሚሠሩት በቅርጽም በዓይነትም ተደጋግፈው ነው፤ አንደኛው ከተገለበጠ ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም። የሚያውቅ ሰው ከመፍታቱ በፊት በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ጭረቱ ግን የሚመለስ አልነበረም። መምህሩ አልተቆጡኝም። «አቧራዋን ብትተዋት ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር፤ ክዳኗን መክደን ይበቃት ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። እኛ ዘንድ መንከባከብ ማለት መወልወል ነው። ቤት ሲጸዳ፣ ጫማ ሲጠረግ፣ መኪና ሲታጠብ ያደግን ልጆች ስለሆንን አቧራ ያለበት ነገር ሁሉ ችላ የተባለ ይመስለናል። ለሌንስና ለቴሌስኮፕ መስታወት ግን ይህ አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት በአቧራው ሳይሆን አቧራውን ለማጥፋት በሚደረግ ፍትጊያ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በአገራችን አፈርና አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለው፤ ይህ ደግሞ ከመስታወት ይጠነክራል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ስንፈትገው መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድነው ነው ማለት ነው። የካሜራ ሌንስ ስናዘነብለው የምናየው ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ ደግሞ የመስታወቱ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን እንዳይንጸባረቅ የተቀባ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው።

የቴሌስኮፕ መስታወት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቤታችን ያለው መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ከኋላው ስለሆነ የቱንም ያህል ብንወለውለው የምንነካው ብርጭቆውን ነው። የቴሌስኮፕ መስታወት ቅብ ግን ከፊት ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተተከሉትን ሁለት ቴሌስኮፖች ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የእያንዳንዳቸው መስታወት አንድ ሜትር ስፋት አለው። እንዲህ ያሉ መስታወቶች ላይ የሚቀባው አሉሚኒየም ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺሕኛ ገደማ ነው። ከፀጉራችን ብዙ መቶ ጊዜ የሚቀጥን ነገር በነጠላ ጫፍ ይፈተጋል እንዴ? በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የምርምር ጣቢያዎች እንኳ መስታወታቸውን በጨርቅ አያሹም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ እየነፉ አቧራውን ያራግፉታል፤ ቅቡ ሲያረጅም አሮጌውን አጥበው አዲስ ይቀቡታል።

«አቧራው ምስሉን አያበላሽም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥቂት አቧራ ብዙም አያበላሽም። ለዚህ የምወደው ምሳሌ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ማክዶናልድ የምርምር ጣቢያ የሆነው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ የጣቢያው ሠራተኛ ሽጉጥ መዝዞ 2.7 ሜትር ስፋት ያለውን የቴሌስኮፕ መስታወት በጥይት መታው። መስታወቱ ተበሳ እንጂ አልተሰነጠቀም። ቴሌስኮፑም ያጣው ብርሃን አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር ሥራውን ቀጠለ። የጥይት ቀዳዳን የቻለ መስታወት የአቧራ ነጥብ ያቅተዋል? የሚጎዳው መላ ፊቱ ሲጫጫርና ሲለቀለቅ ነው። ያኔ ብርሃኑ ይበተናል፤ በመስኮት አጠገብ ቃለ መጠይቅ ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ነጭ ጉም የሚጋረደው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ታዲያ ጭራሽ አይጸዳ ነው? አይደለም። የጣት አሻራ ቅባት ነው፤ ብዙ ከቆየ ሽፋኑን ሊጎዳ ስለሚችል መነሣት አለበት። ቅደም ተከተሉን ግን ከአምባሰል ገበሬ እንማር። ገበሬው አውድማው ላይ እብቁን በእጁ አይለቅምም፤ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ እየበተነ ለነፋስ ይሰጠዋል። ነፋሱ የሚችለውን ከወሰደ በኋላ ነው እጅ የሚገባው። ሌንስም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሲጨምቁት አየር በሚተፋው የጎማ ፊኛ ማራገፍ፤ በአፍ ግን አይነፋም፣ ምራቅ ይረጫልና። ቀጥሎ ለዚሁ ብቻ የተቀመጠ ለስላሳ ብሩሽ። እድፉ እንቢ ካለ ብቻ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ወረቀቱ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሌንሱ ላይ አይደለም፣ ሳይጫኑ ከመሐል ወደ ዳር ማንሸራተት። ሶፍት፣ ነጠላ፣ ቲሸርት፣ ሽቶ፣ አረቄ፤ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። ጤዛ ካረፈበትም አይጠረግም፤ ደረቅ ቦታ ወደ ታች ዘንበል አድርጎ በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ መክደን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጥፋት ልምጣ፤ ይህኛው ከተማሪው ይልቅ ኃላፊዎችን ስለሚመለከት በትሕትና ነው የምለው። አንዳንድ ጊዜ ዕቃ እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ክረምት ይገባል፤ ክፍሉ እርጥበት ይይዛል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። መስከረም ላይ ሲከፈት ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሻጋታ ነው። ሻጋታ ጨለማና እርጥበት ይወዳል፤ የሚያመነጨው አሲድም መስታወቱን ይበላዋል፤ ከውስጥ ስለሆነም በቀላሉ አይጸዳም። ስለዚህ የቆለፈም ካልተጠነቀቀ እንደኔ አበላሽቷል። ልዩነቱ የእኔ በአንድ ማታ፣ የቁልፉ በአንድ ክረምት መሆኑ ነው።

በአያቴ ቤት ዳዊቱ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በጎረቤታችን በሼሁ ቤትም ቁርኣኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሁለቱም ግን በየጊዜው ይወጣሉ፣ ይነበባሉ፣ ይመለሳሉ። በእኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየው በየቀኑ ስለተወለወለ አይመስለኝም። የሚከድነው፣ የሚያወጣው፣ የሚመልሰው ሰው ስለነበረ ነው። እንክብካቤ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አለመፈተግም፣ ቆልፎ አለመርሳትም።

ስለዚህ ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ካሜራና ሌንስ ስሙ የተጻፈ ተጠሪ ይኑረው፤ ማን ወሰደው፣ በምን ሁኔታ መለሰው የሚል ደብተርም ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ከየቦርሳው ጋር የጎማ ፊኛና የሌንስ ወረቀት ይገዛ። ሦስተኛ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣውን፣ «አይበላም» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አንጣላት፤ እርጥበት ትመጣለችና ሰብስበን ሣጥኑ ውስጥ እንክተታት፤ ስትጠግብ ትቀየር። አራተኛ፣ በክረምትም ቢሆን ዕቃው በየጥቂት ሳምንቱ ይውጣ፣ አየርና ብርሃን ያግኝ። አምስተኛ፣ ቀረጻ ከመማራችን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ሌንስ አያያዝ ይሰጠን። ለአንድ ካሜራ ስምንት ሆነን ተራ የምንጠብቅ ልጆች ነን። አንዱ ሌንስ ሲጠፋ ስምንት ሰው ዓይኑን ያጣል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትንም መቁጠር ነው።

ያቺ ቴሌስኮፕ ዛሬ የለችም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ከሌላው ዕቃ ጋር ጠፋች። ጦርነቱን ማቆም የእኔ አቅም አልነበረም። ታኅሣሥ 12 ማታ ክዳኗን ከድኜ እጄን መሰብሰብ ግን እችል ነበር። ያን ባደርግ ኖሮ ቢያንስ እነዚያ አዛውንት የሳተርንን ቀለበት አይተው ነበር።

ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ይሳቅ። ቲሸርቱን ብቻ ከሌንሱ ላይ ያንሣልኝ።