«ፈቃድ የለህም» ሲባል ቁልፍ መስበር ይገባልን?



«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት በጊዳ አያና ያልሰማ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ነገር ግን የጎረቤቱን በቆሎ ለመንካት የሚያፍር ጨዋ ልጅ ከኮምፒዩተር ፊት በተቀመጠ ጊዜ ይህን ተረት ፈጽሞ ይረሳዋል። ኮምፒዩተሩ «ፈቃድ የለህም» ብሎ ሲመልስለት፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አጥሩን መነቅነቅ ብቻ ሳይሆን ነቅሎ ይጥለዋል። ይህንን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነቅለው ከጣሉት አንዱ እኔ ነኝና።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው፥ ኢትዮጵያ ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር ያቋቋመችው ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች በዝተዋል፤ በክፍላችንም አሉ። ትምህርቱ በሥዕልና በጽሑፍ ሳለ ቀላል ይመስላል። ጭንቁ የሚመጣው ተማሪው የሥራ መሣሪያዎቹን በኮምፒዩተር ላይ ለመጫን በጀመረ ጊዜ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ፓኬጅ ይባላሉ፤ ይኸውም ሌሎች ሰዎች ደክመው የጻፉት፥ እኛ በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ እንድንጠቀምበት ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሥራ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለሳይንስ ክበብ የዝናብ መዝገብ የሚይዝ አንድ ትንሽ ገጽ ለመሥራት ተነሣን። የምንሠራበት ኮምፒዩተር አሮጌ ስለ ሆነ የተጫነበት ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነበር። ገንዘብ አዋጥተን የኢንተርኔት ጥቅል ገዛን። በእኛ አገር ኢንተርኔት እንደ ልብ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ ወላጆቻችን ያውቃሉ፤ በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ለሦስት ወር ያህል ፈጽሞ ተቋርጦ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን አይረሱትም። እንግዲህ ኤን ፒ ኤም ለሚባለው ጫኝ ፕሮግራም ትእዛዝ ሰጥተን ስንጠባበቅ፥ ጥቂት ቆይቶ «ኢ አክሰስ፤ ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ትርጓሜው «መግባት አልተቻለም፤ ፈቃድ ተከልክሏል» ማለት ነው። ከሥሩም የአንድ ፎልደር አድራሻ ተጽፎ ነበር። እኛ ግን አድራሻውን አላነበብነውም።

አንዱ ጓደኛችን «ከትእዛዙ በፊት ሱዶ ብለህ ጻፍበት» አለኝ። «ከየት ሰማኸው?» ብለው «ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው» ሲል መለሰልኝ። ሱዶ ማለት አንድን ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ዋና ጌታ ሥልጣን እንዲፈጸም የሚያደርግ ቃል ነው። ይህ ዋና ጌታ ሩት ይባላል። (ሁለተኛው ጓደኛዬ ለብዙ ጊዜ ሩት ማለት ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ የገዛችው ሴት ወይዘሮ ትመስለው ነበር። ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን ትርጓሜው ሥር ነው።) ሱዶ ስንጽፍ የይለፍ ቃል ተጠየቅን። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይገባ ስለ ነበረ ይህ አላስቸገረንም። ፓኬጁ ተጫነ፤ እኛም ተደሰትን።

በማግሥቱ ያለ ሱዶ ሌላ ፓኬጅ ለመጫን ብንሞክር፥ ከፊተኛው የባሰ ነገር አገኘን። አሁን ፈቃድ የላችሁም የተባልነው በገዛ ቤታችን ውስጥ፥ በራሳችን ፎልደር ነው! ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ትናንት በሩት ሥልጣን ስንሠራ ኤን ፒ ኤም በቤታችን ውስጥ ያስቀመጣቸው ጊዜያዊ ፋይሎች የሩት ንብረት ሆነው ተመዝግበው ነበር። ማለት ባለጠጋ ጎረቤት ጠርተን እቃ አስገብተን፥ እቃውም የሚቀመጥበት ጓዳም በእርሱ ስም ተጻፈ።

በዚህ ጊዜ ተናደድን። የተናደደ ሰው ደግሞ አያነብም። ከሥር እስከ ጫፍ ላለው ፋይል ሁሉ 777 የሚባለውን ፈቃድ የሚሰጥ ትእዛዝ ጻፍን። ይህም ማለት ማንም ሰው ማንኛውንም ነገር እንዲያነብ፥ እንዲለውጥና እንዲያስኬድ መፍቀድ ነው። አሁን የሚከለክለን የለም ብለን ነበር። ወዲያው ሱዶ ራሱ አልሠራም አለ።

ይህ ነገር ለብዙ ቀን አስደንቆኛል። በር ሁሉ ተከፍቶ ሳለ እንዴት ወደ ውጭ ተጣልን? ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዶ ሥልጣኑን የሚያገኘው በራሱ ፋይል ላይ ካለ አንድ ልዩ ምልክት ነው፤ ምልክቱም «ይህን ፋይል ማንም ቢያስኬደው በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል» ይላል። እኛ 777 ብለን ስንጽፍ ያን ምልክት ፋቅነው። ከዚህም በላይ ሱዶ ማን ምን እንደ ተፈቀደለት የሚያነብበት መዝገብ አለው፤ መዝገቡን ማንም ሊለውጠው የሚችል ሆኖ ሲያገኘው አያምነውም፤ ሥራውንም ይተዋል። ደግሞስ ማንም እየገባ የሚጽፍበትን የእድር መዝገብ የሚያምን ዳኛ አለን?

ኮምፒዩተሩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጫነ። በውስጡ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንገር ሸለቆ ስለሚዘራው በቆሎ ያዘጋጀችው ጽሑፍ ነበረ፤ በፍላሽ አልገለበጠችውም ነበርና ጠፋ። እኛ መሆናችንን በነገርኋት ጊዜ አልተቆጣችም፤ «ለምን አልጠየቃችሁም?» ብቻ አለችኝ። ጽሑፏን በእጇ እንደገና ጻፈችው። እኔ ይህን የምጽፈው ለእርስዋ ጥያቄ ገና መልስ ስላላገኘሁ ነው።

አሁን ጥቂት ታሪክ ልጨምር። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሊኑክስ የፋይል ፈቃድን ሥርዓት የወረሰው ዩኒክስ ከሚባለው ነው። ዩኒክስን በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ቤተ ሙከራ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ጀመሩት። በዚያን ዘመን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰዎች አንዱን ማሽን ይካፈሉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት እንዲኖረው፥ ቀጥሎም ማኅበር፥ ከዚያም ሌላው ሰው ሁሉ እንዲለይ ተደረገ። ለእያንዳንዳቸውም ማንበብ 4፥ መጻፍ 2፥ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቈጠራል። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ነው። 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉን ያድርግ፥ ሌላው ግን ያንብብ ያስኪድ እንጂ አይለውጥ ማለት ነው። 644 ደግሞ ባለቤቱ ይጻፍ፥ ሌላው ያንብብ ማለት ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚደምረው ሒሳብ ነው።

እስቲ አስቡት። ብዙ ሰው በአንድ ማሽን ላይ! ይህ የማን ሁኔታ ነው? አራት አምስት ሆነን አንዱን ኮምፒዩተር የምንከብብ የእኛ አይደለምን? እያንዳንዱ የራሱን ላፕቶፕ የያዘበት አገር ተማሪ ሱዶን እንደ ጨው ቢበትን የሚያበላሸው የራሱን ነው። እኛ ግን የምናበላሸው የጓደኛችንን ነው። ስለዚህ ይህ የፈቃድ ሥርዓት ከማንም ይልቅ ለእኛ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

«የሚበላሸው ባለማወቅ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ቢጠቀምበት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ በየካቲት ወር 2018 የሆነውን ልንገራችሁ። የኤን ፒ ኤም ቁጥር 5.7.0 የተባለው እትም ወጣ። ይህንን እትም በሱዶ ያሠሩ ሰዎች የኮምፒዩተሩ ዋና ዋና ፎልደሮች ባለቤትነት ተለውጦ ማሽናቸው ተበላሸ። ጸሐፊዎቹ ሙያተኞች ነበሩ፤ ስሕተቱንም ወዲያው 5.7.1 በተባለው አረሙ። ነገር ግን ያ ስሕተት ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ለሠራ ሰው ምንም ያህል አልጎዳም፤ የሌላውን ንብረት ለመለወጥ ሥልጣን አልነበረውምና። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ማንኛውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው የበለጠ ሥልጣን አይሰጠው ብለው በ1975 ጽፈዋል። በብዙ እድር የገንዘቡ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ኖሮት ሦስት ሰው የሚይዘው፥ ሰዎቹ ሌቦች ስለ ሆኑ አይደለም።

ታዲያ «ፈቃድ የለህም» የተባለ ተማሪ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የተጻፈውን ያንብብ። ጽሑፉ የትኛው ፎልደር እንደ ተከለከለ ይናገራል። ከዚያ ኤል ኤስ የሚባለውን ትእዛዝ ከረጅሙ አጻጻፍ ጋር ቢሰጥ የባለቤቱን ስም ያሳየዋል። ፎልደሩ በገዛ ቤቱ ውስጥ ያለ ሆኖ በሩት ስም የተጻፈ ከሆነ፥ እንደ እኛው ትናንት በሱዶ የሠራ ሰው አለ ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ቁልፍ ያዡ ቻውን በሚባለው ትእዛዝ ያንን ፎልደር ብቻ ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው፤ ከዚያ ፎልደር አንድ እርምጃ ማለፍ አያስፈልግም። ፎልደሩ የኮምፒዩተሩ የራሱ ከሆነ ግን አይታገል፤ ፓኬጁን በገዛ ቤቱ ይጫን። ኤን ፒ ኤም ፓኬጆችን በተጠቃሚው ቤት ውስጥ እንዲያስቀምጥ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊነገረው ይችላል። ፓይተን የሚማር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ቬንቭ የሚባለውን የተለየ ክፍል ያበጅ፤ በዚያ ውስጥ ቢያበላሽ ክፍሉን አጥፍቶ ሌላ መሥራት ነው። ከ2023 ወዲህ የወጡት ኡቡንቱና ዴቢያን የፓይተንን ፓኬጅ ከሥርዓቱ ፓይተን ጋር ልቀላቅል የሚለውን ሰው አይፈቅዱለትም። አልሰማም ላለ ሰው የተተወ አንድ ማለፊያ ቃል አለ፤ ስሙም «የሥርዓቱን ፓኬጆች ስበር» ማለት ነው። ይህንን ስም አንብቦ ያንኑ ቃል የሚጽፍ ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ!

ፍላሽን በሚመለከት አንድ ነገር ልበል፤ ሥራችንን በፍላሽ የምናመላልስ ብዙዎች ነንና። በተለመደው ፋት በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ የሊኑክስን ባለቤትና ፈቃድ አይመዘግብም። በዚያ ላይ ቬንቭ ለመሥራት ወይም ፓኬጅ ለመጫን የሚሞክር ሰው «አልተፈቀደም» ቢባል ሱዶም አያድነውም፤ ፍላሹ ያንን ቋንቋ አያውቅም። ሥራውን በኮምፒዩተሩ ላይ በቤቱ ሠርቶ፥ የጻፈውን ብቻ በፍላሽ ይያዝ።

እኔ ሱዶ ይጥፋ አላልኩም። የኮምፒዩተሩን ሥርዓት ማደስና ለሁሉ የሚያገለግል ሶፍትዌር መጫን ያለ እርሱ አይሆንም። ነገር ግን ይህ የቁልፍ ያዡ ሥራ ነው። ዊንዶውስ በተጫነባቸውም ላይ ነገሩ ያው ነው። በ2001 በወጣው ኤክስ ፒ ዘመን አብዛኛው ሰው በቤቱ የሚገባው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለ ነበረ፥ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ሁሉ አብሮ አስተዳዳሪ ይሆን ነበር። ከ2007 ወዲህ ማሽኑ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ እኛም ሳናነብ «አዎን» ማለትን ለመድን።

እንግዲህ ወደ ዋናው አሳቤ ልምጣ። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል መኖሩ ይቅር። እያንዳንዱ ተማሪ በየራሱ ስም ይግባ፤ የሱዶ ሥልጣን ለመምህሩና መምህሩ ለመረጣቸው ለሁለት ተማሪዎች ብቻ ይሰጥ። ይህን አሳብ ለመምህራችን ባቀረብሁ ጊዜ ሁለት ነገር ነገሩኝ። «ተማሪው የይለፍ ቃሉን ይረሳል፤ እኔም ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቃል ስመልስ እውላለሁ» አሉኝ። ደግሞም «ኮምፒዩተሮቹ እየተለዋወጡ ነው፤ ዛሬ በዚህ የሠራ ነገ በዚያ ይቀመጣል» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። መምህራችን ብቻቸውን ስንቱን ይችላሉ? ለፊተኛው የምመልሰው፥ የጠፋ የይለፍ ቃል በአንድ ደቂቃ ይተካል፤ የጠፋ ጽሑፍ ግን አይተካም ብዬ ነው። ለሁለተኛው፥ እያንዳንዱ ክፍል ቋሚ ኮምፒዩተር ይመደብለት፤ አሥር ስም በአንድ ማሽን ላይ ማስገባት ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

መምህራችን በመጨረሻ ሳቁና «እንግዲያው ያበላሸኸው ኮምፒዩተር ላይ ጀምርና አሳየኝ» አሉኝ። በሁለት ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ሠርተን የዘጠነኛ ክፍልን ስም አስገብተናል። መጀመሪያ የጻፍነው የዚያችን ልጅ ስም ነው፤ ቤቷንም ከእርስዋ በቀር ማንም እንዳይከፍተው 700 ብለን ዘጋነው። በክረምቱ የአሥረኛ ክፍልን እንቀጥላለን። ስማችሁን ያልሰጣችሁ በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን በወረቀቱ ላይ አትጻፉት፤ ሦስት ሰው ጽፎ አግኝተናል።