የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የቢዮ አዋሌው ልጅ ዕድል ስንት ነው?

ሰሞኑን ቢዮ አዋሌ ነበርኩ። «የት ነው ደግሞ እሱ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ድሬዳዋ ሲባል ትዝ የሚለን ከዚራ፣ መጋላና ሳቢያን ነው። በዚያው አስተዳደር ሥር ማሽላ የሚዘራ፣ ፍየል የሚያረባ ገበሬ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እዚያ አንድ አባት «ጋዜጠኛ ነህ አሉ» ብለው ያዙኝ።

«ልጄ 12ኛ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገባል? እውነቱን ንገረኝ። ፍየሎቼን ሸጬ ከተማ ቤት ተከራይቼለት ሊያጠና ነው። ተስፋ ከሌለው ግን ፍየሎቹ ይቅሩ።»

እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። እንዲያውም በ10ኛ ክፍል ፈተና ወንፊት ወርጄ ዲፕሎማ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ እስክሪብቶ አወጣሁና ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ከነገረን ቁጥር ተነሳሁ።

በ2014 ዓ.ም. ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው! በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል።

«ታዲያ የልጄ ዕድል ከመቶ ስምንት ነው?» አሉኝ።

አይደለም! ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በእነዚያ ትምህርት ቤቶች አንደኛ የሚወጣ ተማሪ አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ! እሱም ወደቀ። ስለዚህ የልጁን ዕድል ለመገመት ከልጁ ጭንቅላት በፊት ትምህርት ቤቱን መመርመር ያስፈልጋል። የፊዚክስ መምህር አለው? መጽሐፉ ለስንት ይዳረሳል? በአፍ መፍቻው ተምሮ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲፈተን ጥያቄውን እንዲረዳ ያዘጋጀው ማን ነው?

የከተማ አስተዳደር መባልም ጣጣ አለው። «ድሬዳዋ ይህን ያህል አሳለፈች» ሲባል የከዚራው የግል ትምህርት ቤት ተማሪና ውሃ ቀድቶ፣ ከብት አግዶ የሚማረው የገጠር ልጅ በአንድ አማካይ ይጨፈለቃሉ። የአንዱ ውጤት የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

አንዋሽም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠቱና ኩረጃው መቆረጡ ደግ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ መሰረዙን አልረሳንም። ነገር ግን ሌባውን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ማስተማር ሌላ! ባለሥልጣኖቻችን ውጤት በወጣ ቁጥር «ተማሪው አልተዘጋጀም» ይሉናል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። «ሪሚዲያል አለላችሁ» ይሉናል ደግሞ። በ12 ዓመት የተበላሸው በአጭር ጊዜ ይጠገናል ማለት ነው?

ምን ይደረግ? ሁለት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ የየትምህርት ቤቱ ውጤት ከነመምህራኑና ከነመጻሕፍቱ ቁጥር በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ወላጅ ልጁን የት እንደሰደደ ይወቅ። ተማሪ ሲወድቅ በስሙ ይጠራል፤ ትምህርት ቤት ሲወድቅ ግን በድምሩ ውስጥ ለምን ይደበቃል?

ሁለተኛ፣ ራስ ገዝ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በራሱ ትምህርት ቤት ስንተኛ እንደሆነም ይመልከት። አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከየትምህርት ቤቱ ከመቶ አሥሩ ውስጥ የገቡ ተማሪዎች የግዛቲቱን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ፈቅዳለች። በኋላ ለዋናው ዩኒቨርሲቲ ኮታው ቢጠብም ሐሳቡ አልተሻረም። የድሃ መንደር አንደኛም አንደኛ ነው!

ለአባትየው ምን አልኳቸው? «አባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ ይጣር። ግን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሄደው ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ይጠይቁ። መልሱን ሳይሰሙ ፍየል አይሽጡ።»

«ይነግሩኛል?» አሉኝ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ይናገር!