ሐረር የራምቦ ብቻ ናት?

ሐረር ጀጎል የገባ የውጭ እንግዳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ራምቦ ቤትን ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው ቅኔውን ትቶ ሊነግድ ነው። የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ግን በልጅነታቸው የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ዘንድ እዚሁ ቢያድጉም፣ ስማቸውን የሚያነሳ አስጎብኚ አልገጠመኝም።

እኚህ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ። ራስ መኮንንን ተከትለው ዓድዋ ሲዘምቱ ገና ልጅ ነበሩ። ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንን ሆኑ። ተመልሰው ጅጅጋንና ጨርጨርን ገዙ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። በመካከሉ «ፋቡላ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው ይኸው ነው፤ አውሬ እያናገሩ ሹማምንቱን ሸነቆጡበት። ቤተ መንግሥት ደስ አላለውም፤ ታገደ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጽ ነበረው፤ መነሻው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ሳይነካ ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሡ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የአገር ሹሞች ይመርጣሉ። ሕዝቡስ? ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ፣ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ያ «ለጊዜው» እስከ 1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ድረስ ከ24 ዓመት በላይ ፈጀ።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። በተውኔት ያፌዙባቸውን ሹማምንት፣ በሕግ የሕዝብ መራጭ አደረጓቸው! «ዘመኑ ነው» የሚሉ አሉ፤ ረቂቁን መኳንንቱ መርምረውታል፣ ያጸደቁትም ንጉሡ ናቸው፤ እውነት ነው። ቢሆንም መድፍ የተማረ፣ ሩሲያን ያየ ሰው ያችን «ለጊዜው» ሲጽፍ ምን አስቦ ይሆን እያልኩ እከራከራለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከራሴው ጋር።

ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። ከረጅም ስደት በኋላ ተመልሰው ሂርና ላይ ገበሬ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ሲሽር፣ ፓርላማውን ሲዘጋ በሕይወት ነበሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ግለ ታሪካቸውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አሳትሞታል። የራምቦ ቤት ይጎብኝ፣ ማንም አልከለከለም፤ አስጎብኚዎቻችን ግን ይህን መጽሐፍ ቢያነቡት ደግ ነው፤ ሂርናም ቢሆን ከሐረር ሩቅ አይደለችም።