ሳይሰሙ የሚያስቀድሱ አረጋውያን፦ የሐረር አጥቢያዎችና እድሮች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

በየዓመቱ የዓድዋ ድል በዓል በተከበረ ማግሥት፣ የካቲት 24 ቀን፣ የዓለም የመስማት ቀን ታስቦ ይውላል። ዕለቱ በሀገራችን እንደ ሌሎቹ የጤና ቀናት ጎልቶ አይነገርለትም። የሚያስታውሰው ችግር ግን ከእያንዳንዳችን ቤት የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ሕክምናና ድጋፍ ያሻቸዋል፤ ቁጥሩም እ.አ.አ. በ2050 ከ700 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ ሰዎች መካከል ከአራቱ ከአንድ የሚበልጠው ኑሮውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለበት።

ይህን ወደ ሐረር አምጥተን እንመልከተው። በ1999 ዓ.ም. በተካሔደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183 ሺሕ ገደማ ነበር። ከመቶው አምስቱ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው ብለን ብናሰላ ዘጠኝ ሺሕ ያህል አረጋውያን እናገኛለን፤ የእነርሱ አንድ አራተኛ ደግሞ ከሁለት ሺሕ ይበልጣል። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ስሌቱ ግምት ነው፤ ነገር ግን የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። እነዚህ አባቶችና እናቶች የተሰወሩ አይደሉም። በቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ በመስጊድ ይሰግዳሉ፣ በእድርና በአፎቻ ይቀመጣሉ። በመካከላችን ተቀምጠው የምንናገረው የማይደርሳቸው ናቸው።

ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም

በእርጅና ምክንያት የሚመጣ የመስማት ድካም ቀስ በቀስ የሚጀምር በመሆኑ ባለቤቱም ቤተሰቡም ቶሎ አያስተውሉትም። በመጀመሪያ የሚዳከመው ቀጫጭን ድምፆችን የመለየት ችሎታ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ያሉት ፊደላት ድምፃቸው ቀጭን ስለሆነ ይደበዝዛሉ፤ «ሰማ» የተባለው «ሸማ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። አረጋዊው ሰው እየተናገረ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ምን እንደ ተባለ ግን አይለይም። በዚህ ምክንያት መጮኽ ብዙም አይረዳውም። ጩኸት ድምፁን ያጎላል እንጂ የደበዘዘውን ፊደል አያጠራም፤ የተናጋሪውንም ፊት የተቆጣ ያስመስለዋል።

መንሥኤው እርጅና ብቻ አይደለም። በልጅነት ያልታከመ የጆሮ ቁስል፣ ለረጅም ዓመታት የተሰማ ከባድ ጩኸት፣ እንዲሁም በመርፌ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች መስማትን ይጎዳሉ። ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን ከእነዚህ አንዱ ነው። በአንጻሩ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ በጤና ባለሙያ በቀላሉ የሚወገድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም።

የሐረር ኑሮ ለችግሩ የራሱን መልክ ይሰጠዋል። በከተማይቱ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በአንድ ገበያ ውስጥ ሦስት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነው። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲነጋገር ያልሰማውን ቃል ከዐውዱ ገምቶ ይሞላል፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ግን ይህን ማድረግ ይከብደዋል። በመሆኑም ጆሮው የደከመ አረጋዊ አስቀድሞ የሚርቀው ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ጎረቤቱ ነው። ለዘመናት በጉርብትና ለኖረች ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎችና ባጃጅ በሚመላለስባቸው መንገዶች ደግሞ ከኋላ የሚመጣን የጥሩምባ ድምፅ አለመስማት ለአደጋ ያጋልጣል።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስታውሱን አረጋውያን

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ታሪኩ የተጻፈው ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ንጉሥ ዳዊት በስደቱ ወራት ላደረገለት ቸርነት ውለታውን ሊመልስለት ወደ ኢየሩሳሌም ቢጋብዘው፣ የምግብ ጣዕም መለየት፣ የዘማሪዎችንም ድምፅ መስማት እንደማይችል ጠቅሶ፣ ለንጉሡ ሸክም ላለመሆን ወደ ቤቱ መመለስን መረጠ። ዛሬም ብዙ አረጋውያን ማንም ሳያስወጣቸው ራሳቸው ከጉባኤ የሚቀሩት በዚሁ ስሜት ነው፤ ሸክም እንዳይሆኑ።

ካህኑ ዘካርያስ ደግሞ አንደበቱ በተዘጋበት ጊዜ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ የሕፃኑን ስም በምልክት እንደ ጠየቁት ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል። በምልክት መጠየቃቸውን አይተው፣ መስማትም ተስኖት እንደ ነበር የሚረዱ መተርጉማን ብዙዎች ናቸው። ዘካርያስም ሰሌዳ አስመጥቶ ጻፈ። በዚያ ቤት የሆነውን ልብ እንበል። አባትየው አይሰማምና እንለፈው አላሉም፤ የሚግባቡበትን መንገድ ፈለጉለት እንጂ። በልጁ ስም የመጨረሻውን ቃል የሰጠውም እርሱ ነው። በእኛ ቤት ግን ጋብቻ፣ ርስት፣ ሕክምና ሲመከር «እርሳቸው አይሰሙም» ተብሎ በአረጋዊው ፊት ስለ አረጋዊው የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቋንቋችንም ይፈትነናል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የተሳነውን ከመግለጽ አልፎ ለአላዋቂ የሚሰጥ ስድብ ሆኗል። በዚህ ስም ላለመጠራት ሲሉ ያልሰሙትን እንደ ሰሙ አስመስለው ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሽማግሌዎች ጥቂቶች አይደሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን መስማት የማይችለውን መስደብን የሚከለክለውና ለሽበታም መነሣትን የሚያዝዘው በአንድ ምዕራፍ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው፣ ነው።

የንስሐ ጉዳይ

ለአንድ ምእመን ከሁሉ የሚከብደው በንስሐ ሕይወቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ኑዛዜ በምእመኑና በንስሐ አባቱ መካከል የሚቀር ምሥጢር ነው። ጆሮው የደከመ አረጋዊ ሲናዘዝ ግን ካህኑ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አረጋዊውም የራሱን ድምፅ ስለማይመጥን ጮኾ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወይም ቤተሰብ በተሰበሰበበት ቤት ይህ ከሆነ ምሥጢሩ ምሥጢር መሆኑ ይቀራል። ያንን የፈራ ሰው ኑዛዜውን ያሳጥራል ወይም ጨርሶ ይተዋል፤ ከንስሐ የራቀም ከቅዱስ ቊርባን ይርቃል። በሕይወቱ ማምሻ ላይ ያለን ሰው ከዚህ ማራቅ ታላቅ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ግን በእጃችን ያለ ነው። ጌታችን መስማት የተሳነውንና ኮልታፋውን ሰው የፈወሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶ ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ከጩኸት የራቀች አንዲት ክፍል ለዚህ አገልግሎት መለየት ይችላል። ማንበብ ለሚችሉት ወረቀትና እርሳስ፣ ለማይችሉት ደግሞ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ካህኑ በዝግታ ይናገራል፣ አረጋዊውም ብቻውን ይሰማል።

በዐውደ ምሕረት ላይ ያለው ድምፅ ማጉያም ታስቦበት ሊያዝ ይገባዋል። ከመጠን በላይ የጮኸ ማጉያ የሚያስተጋባ በመሆኑ ለደከመ ጆሮ ስብከቱን ይበልጥ ያደበዝዘዋል። ድምፁን መጥኖ ማጥራት፣ አረጋውያኑንም የሰባኪው ፊት በሚታይበት ከፊት ማስቀመጥ ይጠቅማል።

እድርና አፎቻ፦ ለሞት የቆመው ማኅበር ለሕይወትም ይቁም

በሐረር የተደራጀ ኅብረተሰብ ሞልቷል። ክርስቲያኑ እድር፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለው፤ ሐረሪው ደግሞ በኀዘንና በሠርግ የሚረዳዳበት አፎቻ አለው። እነዚህ ማኅበራት አባላቸው ሲያርፍ በአንድ ቀን ድንኳን ይተክላሉ፣ ገንዘብ ያወጣሉ፣ ኀዘንተኛውን አይለዩም። ይሁን እንጂ ያው አባል በሕይወት ሳለ ለዓመታት በዝምታ ሲከበብ የሚደርስለት ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። እድር አባላቱን በስም የሚያውቅ፣ ቤታቸውን የሚለይ፣ መቅረታቸውን የሚያስተውል ተቋም ነው። ለአረጋውያን ድጋፍ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት አይቻልም።

ይህ ማለት የሕክምናውና የመንግሥት ድርሻ ይቅር ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችውም እ.አ.አ. በ2010 ነው። እንቅፋቱ የባለሙያ እጥረት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሀገራት 78 በመቶዎቹ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት እንኳ አይደርሳቸውም፤ 93 በመቶዎቹ ደግሞ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የመስማት ምርመራ ባለሙያ አይደርሳቸውም።

ስለዚህም ድርጅቱ እ.አ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሠራተኞች ሠልጥነው ምርመራውንና የመስማት መርጃ መሣሪያ አገልግሎቱን እንዲያግዙ መክሯል። ቤት ለቤት የሚሔዱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ እንደ ሕይወት ፋና እና ጁገል ያሉት የሐረር ሆስፒታሎች ይህን መንገድ ለመከተል መነሻ አላቸው። መሣሪያ ብቻ ገዝቶ ማደል ግን አይበቃም። ለተጠቃሚው ጆሮ ያልተስተካከለ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚተካለት የሌለ መሣሪያ በሣጥን ውስጥ ይቀራል። ብዙዎቹ አነስተኛ ባትሪዎች ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆዩም። ለባትሪና ለጥገና ጥቂት ገንዘብ በየወሩ መመደብ ለአንድ እድር ከባድ አይሆንም።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከእድሮች ጋር ሆኖ መስማት የተቸገሩትን አረጋውያን በክብር ይመዝግብ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። በጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር ማፍሰስ እንደማይገባ፣ በድንገት መስማት ያቆመ ሰውም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት ይነገር።

ሁለተኛ፣ አነጋገራችንን እናርም። ፊት ለፊት ሆኖ፣ አፍን ሳይሸፍኑ፣ በዝግታና በግልጽ መናገር፤ ያልተሰማውን እየጮኹ ከመድገም በሌላ ቃል ማስረዳት፤ በሽምግልናና በቤተሰብ ምክር አንድ በአንድ መናገር። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ችግሩ ሃይማኖትና ቋንቋ አይለይምና፣ እድሩና አፎቻው ለጤና ተቋማቱ ጥያቄያቸውን በአንድነት ያቅርቡ። በ2024 እ.አ.አ. የላንሴት ኮሚሽን የመስማት ችግርን ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች መካከል ቈጥሮታል። ይህም የዘገየ ድጋፍ ዋጋው ከጆሮ አልፎ ወደ አእምሮ ሊደርስ እንደሚችል ያስገነዝባል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልንን ሃይማኖት የነገሩን በቃላቸው ነው። ዛሬ የእኛ ቃል ሳይደርሳቸው በመካከላችን ብቻቸውን እንዳይቀሩ ማድረግ የልጅነት ዕዳችን ነው። ለቀብራቸው የምንከፍለውን መዋጮ ሳንቀንስ፣ በሕይወት ሳሉ የሚገባቸውን ጊዜና ትዕግሥት እንክፈላቸው።